ግድብ አለኝ ለምትሉ፦ ትንሽ የአፈር ግድብን በሰላም መያዝ

ነሐሴ ላይ ስልኬ ይጨናነቃል። "ግድባችን ከሥሩ ትንሽ ያነባል፣ ያሰጋል እንዴ?" የሚለኝ ሰው ይበዛል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው ወይስ ድፍርስ? "እሱን አላየሁም" ካለኝ፣ ሂድና አይተህ ደውልልኝ እላለሁ። ሌላው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

የተማርኩት መስኖ ነው። አሁን ከባለቤቴ ጋር ሉሜ ወረዳ፣ ከሞጆ ወጣ ብሎ ሽንኩርት እናለማለን። ማሳው የእሱ ጉዳይ ነው፣ ግድቡ የእኔ። ይህን የምጽፈው በክረምት ብቻ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ የአፈር ግድብ ሠርቶ ውሃውን ለበጋ ለሚያቆይ ሰው ነው። ቁመቱ ቢበዛ 5 ሜትር ቢሆን ነው። አዲስ ግድብ ልሥራ ለሚል ግን ይህ ጽሑፍ መሐንዲስ አይተካም። እሱን ከወዲሁ ልበል።

መጀመሪያ ሒሳቡ

"ግድቡ ስንት ይይዛል?" ስል የሚመለስልኝ "ኧረ ብዙ ነው!" ነው። "ብዙ" በሚል ልኬት ግን ሰብል አይታቀድም። ቀላል መንገድ አለ። ግድቡ ሲሞላ ውሃው የሚሸፍነውን ስፋት በካሬ ሜትር ያዙ። ጥልቁ ቦታ ላይ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ ለኩ። ሁለቱን አባዙ፣ ውጤቱን ደግሞ በ0.4 አባዙት። ለትንሽ ግድብ የሚበቃ ግምት ይሰጣችኋል። የእኛ ሲሞላ 4,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ ጥልቁ ቦታ 4 ሜትር ነው። 6,400 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ሲኖትራክ 16 ኪዩብ ይጭናል ብላችሁ ካሰባችሁት 400 ሲኖ ውሃ ነው። ይህ ሁሉ ከታች ካሉት ቤቶች በላይ፣ በአፈር ብቻ ተይዞ ቆሟል።

ከዚህ ላይ ፀሐይ ድርሻዋን ትወስዳለች። በእኛ አካባቢ በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይተናል ብላችሁ ያዙ። ማንም ሳያጠጣበት በ200 ቀን 1 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ሽንኩርት ደግሞ ከተከላ እስከ ነቀላ ከ350 እስከ 550 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። በሄክታር ሲሰላ ከ3,500 እስከ 5,500 ሜትር ኩብ ነው። በቦይ ስታጠጡ የሚባክነውን ጨምሩበት። በእንዲህ ያለ ግድብ 3 ሄክታር አጠጣለሁ ብሎ ችግኝ የሚያፈላ ሰው የካቲት ላይ ከጎረቤቱ ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ሒሳብ የደኅንነት ነው፣ ብዙ ሰውም አይሠራውም። 1 ሄክታር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ወደ ግድባችሁ የሚያፈሰው መሬት ስንት ሄክታር እንደሆነ እወቁ። በእግር ዞራችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ ባለው ካርታ አይታችሁ መገመት ትችላላችሁ። ለምሳሌ 60 ሄክታር ነው እንበል። አንድ ከሰዓት በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ ወደ ግድቡ ቢወርድ 15,000 ሜትር ኩብ መጣ ማለት ነው። ግድባችን ባዶ ቢሆን እንኳ ከሚይዘው ከእጥፍ በላይ ነው። ነሐሴ ላይ ደግሞ ባዶ አይደለም፣ ጢም ብሏል።

ስለዚህ "ግድቡ ጎርፉን ያስቀርልናል" የሚለውን እርሱት። የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ ያስቀር ይሆናል። ትልቁን ጎርፍ ግን በሰላም ማሳለፍ ብቻ ነው የሚችለው። የሚያሳልፈውም በማስተንፈሻው ነው።

ማስተንፈሻው

ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ በጎን የሚወጣበትን ሰፊ ቦይ ነው ማስተንፈሻ የምለው። አንዳንዱ "ማፍሰሻ" ይለዋል። ስሙ ምንም ይሁን፣ ከግድቡ አካል ሁሉ በቅድሚያ ልታዩት የሚገባችሁ እሱን ነው። የአፈር ግድብ በአናቱ ላይ ውሃ እንዲሄድበት አልተሠራም። ውሃ አናቱን ተሻግሮ በኋላው በኩል መውረድ ከጀመረ ከታች ወደ ላይ እየሸረሸረ ይመጣል። ሲጀምር የእጅ መዳፍ የምታህል ቦይ ናት። ብዙም ሳይቆይ ግድቡን ለሁለት ትከፍለዋለች።

ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2018 ምሽት ኬንያ፣ ናኩሩ አውራጃ ሶላይ በሚባል ቦታ በአንድ የግል እርሻ ላይ የነበረ የአፈር ግድብ ከሳምንታት ከባድ ዝናብ በኋላ ተደረመሰ። ከታች መንደር ነበር። ከ40 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ሕፃናትና ሴቶች ነበሩ። የመንግሥት ግዙፍ ግድብ አልነበረም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ለእርሻ ውሃ የሚያቆይ ሰው ግድብ ነበር።

ወደ ልኬቱ እንመለስ። ያ 15,000 ሜትር ኩብ በ2 ሰዓት ውስጥ ቢመጣ በአማካይ በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ ነው። ጎርፍ ግን በአማካይ አይመጣም። ሲበረታ እጥፍ ይሆናል ብላችሁ 4 ያዙ። 8 ሜትር ስፋት ያለውና ወለሉ ደልዳላ የሆነ ማስተንፈሻ፣ ውሃው ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ሲያልፍበት ይህን ያህል ያስወጣል። የግድቡ አናት ደግሞ ከዚያ ውሃ በላይ ቢያንስ ሌላ ግማሽ ሜትር መትረፍ አለበት። ማዕበልም አለ፣ አፈርም ይሰጥማል። በአጭሩ ከማስተንፈሻው ወለል እስከ ግድቡ አናት 1 ሜትር ከሌላችሁ መሐንዲስ ጥሩ። የእናንተ መሬት ከዚህ ይለያል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን አካሄዱን ውሰዱ።

አናቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑንም አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የሚሰጥመው መሐሉ ነው፣ ምክንያቱም የተሞላው አፈር እዚያ ነው የሚወፍረው። መሐሉ ከሰጠመ ውሃው መጀመሪያ የሚሻገረው በዚያ ነው፣ በክፉው ቦታ። ግንበኞች ውሃ ሞልተው ልክ በሚያወጡበት ብርሃን አሳላፊ ጎማ ሁለት ሰው በአንድ ጠዋት ይለካዋል። የጎደለውን ከክረምት በፊት ሙሉት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። መስከረም ላይ "ዝናቡ ሊወጣ ነው፣ 30 ሳንቲ ብንጨምር ለአንድ ዙር ማጠጫ ይሆናል" ይባልና ማስተንፈሻው በአሸዋ ጆንያ ይዘጋል። ሒሳቡ ልክ ነው፣ 4,000 ካሬ ላይ 30 ሳንቲ 1,200 ሜትር ኩብ ነው። ግን መስከረም ላይ ከባድ ዶፍ አይቶ የማያውቅ ማን አለ? ያ ጆንያ ለጎርፉ የተተወውን ቦታ ነው የሚበላው። ተጨማሪ ውሃ ከፈለጋችሁ ደለል አውጡ። ማስተንፈሻው አይነካም፣ በቃ።

ዓሣ የጨመራችሁ ደግሞ አደራ፣ እንዳያመልጥ ብላችሁ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ሽቦ አትዘርጉ። አሜሪካ ውስጥ ፔንስልቬንያ፣ ሳውዝ ፎርክ የሚባል ግድብ የሀብታሞች የዓሣ ማጥመጃና አደን ክለብ ንብረት ነበር። ክለቡ ሠረገላ በደንብ እንዲያልፍ ብሎ የግድቡን አናት ዝቅ አደረገው። ዓሣው እንዳያመልጥ ደግሞ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት አደረገ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ግንዲላና ቆሻሻ ወንፊቱን ደፈነው፣ ውሃው አናቱን ተሻገረ። ከታች ጆንስታውን የምትባል ከተማ ነበረች። 2,209 ሰው አለቀ። የእኛ ሸለቆ የሚያመጣው ግንዲላ ባይሆንም የበቆሎ አገዳ፣ እሾህና ፌስታል ሞልቶታል። ለመድፈን ይበቃል።

በየሳምንቱ የሚደረግ ዙር

በክረምት በየሳምንቱ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ግድቡን ዙሩት። ብዙ ሰው አናቱ ላይ ይሄድና "ደህና ነው" ብሎ ይመለሳል። ከአናቱ ላይ የሚታየው ውሃ ብቻ ነው። እናንተ ከግርጌው ጀምሩ፣ ከደረቁ በኩል። ፀሐይ ገና ዘንበል ብላ ስትወጣ ብትሄዱ ጥሩ ነው። ረጠብ ያለ ቦታ በዚያ ብርሃን ያብለጨልጫል።

የምትፈልጉት እርጥበት ነው። በበጋ ከሆነ፣ አካባቢው ሁሉ ቢጫ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ሣሩ ለምልሞ ካገኛችሁት ከሥሩ ውሃ አለ። ትንሽ ማንባት ለአፈር ግድብ ብርቅ አይደለም። ጥያቄው ውሃው ምን ይዞ ይወጣል የሚለው ነው። እኔ ክዳን ያለው የማር ጠርሙስ ይዤ ነው የምሄደው። ከሚወጣው ውሃ እሞላና የግድቡ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዙሬን ጨርሼ ስመለስ አየዋለሁ። ጥርት ካለ፣ እሰየው። ታች ጭቃ ካረፈ ግን ውሃው የግድቡን ሆድ እየቆረሰ እያወጣው ነው። ያኔ መጨረሻ ላይ "የችግር ቀን" ብዬ የጻፍኩትን ሳትዘገዩ አድርጉ።

ጥርት ያለውንም ቢሆን መጠኑን መዝግቡ። ውሃው የሚወጣበት ላይ አጭር ቱቦ ቀብራችሁ 20 ሊትር ባልዲ ደቅኑ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ነው። ከጎኑ የግድቡን የውሃ ከፍታ ጻፉ። ለዚህ በየ10 ሳንቲው ቀለም የተቀባ ቋሚ ብረት ውሃው ውስጥ መትከል ይበቃል። ግድቡ ሲሞላ የሚወጣው ቢጨምር ተፈጥሯዊ ነው። ከፍታው ሳይጨምር ሊትሩ ከጨመረ ግን የሆነ ነገር ተከፍቷል። ደብተር የሌለው ሰው ይህን በምንም አያውቀውም። "ባለፈው ዓመትም እንዲህ ነበር" የሚለው ወሬ ለማንም አይጠቅምም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። የሚያነባውን ቀዳዳ ከውጭ በኩል በጭቃ ወይም በሲሚንቶ አትድፈኑት። ውሃው አይቆምም፣ ታፍኖ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ትክክለኛው አያያዝ ውሃው እንዲወጣ፣ አፈሩ ግን እንዲቀር ማድረግ ነው። በቦታው ላይ መጀመሪያ ንጹሕ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ ደርቡበት። ይህ መሐንዲሱ እስኪመጣ ነው።

ከግርጌው ስትጨርሱ ወደ አናቱ ውጡ። እዚህ ስንጥቅ ነው የምትፈልጉት። የእኛ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፣ ለጤፍና ለሽምብራ የተመረጠ። ለግድብ ግን ጠባዩ ክፉ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በግድቡ ርዝመት የሚሄድ ስንጥቅ አንድ ነገር ነው። ከውሃው በኩል ወደ ደረቁ በኩል የሚያቋርጥ ስንጥቅ ግን ለውሃ የተዘጋጀ መንገድ ነው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት መዘጋት አለበት። በላዩ አፈር ነስንሶ መሄድ መዝጋት አይደለም። የስንጥቁ መጨረሻ ድረስ ቆፍሩ፣ ረጠብ ያለ አፈር በ15 ሳንቲ ንጣፍ እየመለሳችሁ ጠቅጥቁ። እርጥበቱን በእጅ ትለኩታላችሁ። ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ቅርፁን ከያዘ፣ ወደ መሬት ስትለቁት ሁለት ሦስት ቦታ ከተከፈለ ልክ ነው። ጣት ላይ ከተለጠፈ በዝቶበታል። ዱቄት ከሆነ ውሃ አርከፍክፉበት። ከላይ ሬድ አሽ (ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ብታለብሱት አፈሩ እንደ ድሮው ቶሎ አይደርቅም። እኛ አካባቢ ሬድ አሽ ሞልቷል፣ ዋናው ወጪ የመኪናው ነው።

ባሕር ዛፍና ፍልፈል

"አፈሩን ይይዝልኛል" ብሎ ግድቡ ላይ ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው አለ። አይደረግም። የዛፉ ሥር የግድቡን ሆድ ሰንጥቆ ይገባል። ዛፉ ሲቆረጥ ወይም ሲደርቅ ደግሞ ሥሩ በስብሶ በቦታው ባዶ ቱቦ ይቀራል። ቁጥቋጦውን ገና በእጅ በሚነቀልበት ጊዜ ንቀሉት። ጎልማሳ ዛፍ ካለ ግን ዝም ብላችሁ ከነሥሩ አትገርስሱት፣ ጉድጓዱ ከዛፉ የባሰ ነው። ባለሙያ ጠይቃችሁ ውሃው ሲወርድ ይደረግ።

ለግድብ የሚስማማው ሰርዶ ነው። መሬት ላይ ይተኛል፣ ይያያዛል፣ አጭር ስለሆነም ጉድጓድ አይደብቅም። ቬቲቨርና ደሾ የሚባሉት ሣሮች የሚያምሩት ከግድቡ በላይ፣ ጎርፉ በሚገባበት በኩል ነው። ደለሉን እዚያው ያስቀሩታል።

ፍልፈልና ጃርት የቆፈሩትን በዙራችሁ ላይ ታገኛላችሁ። ቆፍራችሁ እንደ ስንጥቁ ጠቅጥቃችሁ ሙሉት። ከብት በግድቡ ላይ እየወጣ ውሃ እንዳይጠጣ ከታች በቱቦ ገንዳ አውጡለት። ከብት የሄደበት መንገድ በሁለት ክረምት ቦይ ይሆናል።

ቱቦውና ቫልቩ

ግድቡን የሠራልን ሰው የማጠጫውን ቱቦ ቀብሮ ዙሪያውን በእግሩ ረግጦ ነው የሄደው። በሁለተኛው ዓመት በቱቦው ዳር ዳር ውሃ መውጣት ጀመረ። ቆፍሮ ማሠራት ከቱቦው ዋጋ በላይ አስወጣን። ስለዚህ ሠራተኛ ሲመጣባችሁ ቱቦው ሲቀበር አጠገቡ ቁሙ። በትንንሽ ንጣፍ፣ በእጅ መጠቅጠቂያ፣ በሁለቱም ጎን እኩል መጠቅጠቅ አለበት። ውሃው በቱቦው ውጭ ዳር ተንሸራቶ እንዳይወጣ ደግሞ በመሐል በመሐል የኮንክሪት ቀለበት ይደረግለታል።

ቫልቩን በወር አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ክፈቱና ዝጉት። ስምንት ወር ያልተነካ ቫልቭ በችግር ቀን አይከፈትም። ውሃ ስትቀንሱ በቀን ከ30 ሳንቲ በላይ አታውርዱ። ግድቡ በውስጡ ውሃ ጠጥቷል። ፊት ለፊት ያለው ውሃ በድንገት ሲወርድበት የረጠበው አፈር ተንሸራቶ ሊወርድ ይችላል። አደጋ አፋፍ ላይ ሲሆን ብቻ ይህ ሕግ ይዘላል።

ከታች ላሉት

የመስኖ ቦታ ያደጋችሁ "የውሃ አባት" የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ተራ የሚያወጣ፣ ውሃ የሚያካፍል፣ ጠብ የሚያበርድ ሰው ነው። የግል ግድብ ያለው ሰው ግን ራሱን ብቻውን የውሃ አባት አድርጎ ይሾማል። ከታች ያሉት ሰዎች በፊት የሚያገኙት ውሃ እንደነበር ይረሳል። እኛ ዘንድ ሰኔና ሐምሌ ላይ ቱቦው በትንሹ ተከፍቶ ነው የሚቆየው፣ ግድቡ እየሞላም ቢሆን። መስከረም ላይ ከታች ካሉት ጋር ቁጭ ብለን የበጋውን ተራ እንነጋገራለን። ከታች ያሉ አንዲት እናት "ውሃ ስትለቁ ሳትነግሩን እንዳይሆን፣ ልጁ በግ ይዞ ሸለቆው ውስጥ ነው የሚውለው" ያሉትን ከዚያ ወዲህ እንደ ደንብ ይዘነዋል። ሳንደውል አንለቅም።

ወረቀቱንም አትዝለሉ። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ ለመጠቀምና የውሃ ሥራ ለመሥራት ፈቃድ ይጠይቃል። በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ የከብት እርባታና የውሃ ወፍጮ ከፈቃድ ነፃ ናቸው። በዶዘር የተሠራ ግድብ ባህላዊ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። አዋጁ ከሁሉ በፊት ቅድሚያ የሚሰጠው ለቤት ፍጆታ ውሃ ነው። ከታች የሚቀዱ ሰዎች ካሉ ከሽንኩርታችሁ ይቀድማሉ ማለት ነው። ወረዳው ውሃ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ፋይል ከከፈታችሁ ቢያንስ ግድቡ እንዳለ የሚያውቅ መንግሥት አለ።

ወባና ልጆች

ዶክተር ቴድሮስ አድሃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ትግራይ ውስጥ በትንንሽ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ልጆች ርቀው ከሚኖሩት 7 እጥፍ በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ግድብ አትሥሩ ማለት አይደለም። ትንኟ የምትወደው ጥልቁን ውሃ ሳይሆን ዳር ያለውን ፀሐይ የሚመታውን ኩሬ፣ የከብት ኮቴ የጠራቀመውን፣ ከግርጌው የሚያነባው የሠራውን ረግረግ ነው። እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ በሳምንታዊ ዙራችሁ አካፋ ያዙ። የሚያነባውን በቦይ ሰብስባችሁ አስወጡ፣ ኮቴውን ድፈኑ፣ ዳር ዳር ያለውን ሣር ጨድ አድርጉ። አጎበር ደግሞ የሁሉም ነው፣ የዘበኛውም።

ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ካላችሁ ሌላ አደጋ አለ። ጂኦሜምብሬን እርጥብ ሲሆን ዋናተኛም አይወጣበትም። አራቱም ጎን ላይ ቋጠሮ ያለው ገመድ አስራችሁ ወደ ውሃው ልቀቁ። አሮጌ ጎማ በገመድ አያይዛችሁ እንደ መሰላል ብታወርዱ ደግሞ ከብትም ሰውም ይወጣበታል። ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ረጅም ገመድ አስራችሁ ዳር ላይ ስቀሉ። የሰመጠን ለማውጣት ዘሎ የሚገባው ሰው ነው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች። አጥሩ ቅንጭብም ቢሆን ይሁን፣ ይኑር።

የችግር ቀን

ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካያችሁ ሰው ለማማከር አትቆዩ፦ የሚያነባው ውሃ ከደፈረሰ፣ ግርጌው ላይ ውሃ እየፈላ አሸዋ ከተፋ፣ አናቱ ወይም ጎኑ ከተንሸራተተ፣ ወይም ውሃው ከአናቱ አንድ ስንዝር ብቻ ቀርቶት ዝናቡ ካላቆመ።

መጀመሪያ የምትደውሉት ከታች ላሉት ቤቶች ነው። ለመሐንዲስ ወይም ለቀበሌ የሚደወለው ከእነሱ በኋላ ነው። ስልክ ቁጥራቸው በወረቀት ተጽፎ የዘበኛው ቤት በር ላይ ይለጠፍ፣ ስልክ ቻርጅ ያልቃል። ከእያንዳንዱ ቤት ሁለት ቁጥር ያዙ። ኔትወርክ ከሌለ የሚነፋ ጡሩንባ ወይም ቆርቆሮ ይኑር፣ ድምፁ ምን ማለት እንደሆነም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሰው ከሸለቆው ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ይውጣ። በሸለቆው ወደ ታች የሚሮጥ ሰውን ውሃው ይቀድመዋል። ማንም እቃ ሊያወጣ አይመለስ። ቀላል የሸለቆ መሻገሪያ መንገድ ካለ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው አቁሙ፣ ባጃጅና ጋሪ እንዳይገባ። ምንም ሳይሆን ቢያድር ከሚስቁባችሁ ጋር አብራችሁ ሳቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከመባል ይሻላል።

ከዚያ ውሃውን ቀንሱ። ቫልቩን ክፈቱ፣ ሞተር ካለ አስነሱ። ሞተር ከሌለ ወፍራም የውሃ ጎማ ወስዳችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃ ሙሉት፣ ሁለቱንም ጫፍ ዝጉ፣ አንዱን ጫፍ ግድቡ ውስጥ አስገቡ፣ ሌላውን በአናቱ አሻግራችሁ ከውሃው ወለል በታች አውርዱ። ሁለቱንም ስትከፍቱ ራሱ ይስባል። የሚወጣው ውሃ ግን ግርጌው ላይ እንዳይወርድ፣ ራቅ አድርጉት። እየፈላ ባለው ቦታ ዙሪያ የአሸዋ ጆንያ ክብ አድርጋችሁ ደርድሩና ውሃው ውስጡ ከፍ እንዲል አድርጉ። ኃይሉ ይቀንሳል። መሐሉን ግን አትድፈኑት።

የግድቡን አካል ቆርሳችሁ ውሃ ልታስወጡ አትሞክሩ። ራሳችሁ አፈረሳችሁት ማለት ነው፣ የተከፈተውም በእጅ አይዘጋም። የግድ ከሆነ ማስተንፈሻውን ነው የምታሰፉት፣ ያልተነካ የተፈጥሮ መሬት ባለበት በኩል።

ሌሊት ከሆነ ግድቡ አናት ላይ መብራት ይዞ የሚመላለስ ሰው አይኑር። ከዳር፣ ከተፈጥሮ መሬቱ ላይ ሆናችሁ አብሩበት። ውሃው ከወረደ በኋላም፣ ቢያንስ በግማሽ ዝቅ እንዳለ ይቆይ። ችግኝ ደረሰ ብላችሁ መሐንዲሱ ሳያየው አትሙሉት።